የታይሚንግ ቤልትና የቴንሽነር ቅያሪ፦ ባሕር ዳር ላይ አሮጌ መኪና ለሚያሽከረክሩ

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ዘይት መቀየሩን አይረሳም፤ ፍሬኑ ሲጮህም ወዲያው ጋራዥ ይገባል። ታይሚንግ ቤልቱ ግን ከክዳን ሥር ተሸፍኖ ስለሚሠራና እስከሚበጠስበት ቅጽበት ድረስ ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለማይሰጥ፣ የሚታወሰው መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን ሞተር ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ግድ ሆኗል።

ጋራዥ ውስጥ የታይሚንግ ቺንጋ የሚባለው ይህ ባለጥርስ የጎማ ቀበቶ ክራንክሻፍቱን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር አያይዞ፣ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲዞር ያደርጋል። በአሮጌዎቹ ሃይሉክሶችና ዶልፊን በምንላቸው ሚኒባሶች ላይ በሚገኙት የ2ኤል፣ የ3ኤል እና የ5ኤል የናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ የናፍጣ ፓምፑንም የሚያዞረው ይኸው ቤልት ነው። ቴንሽነሩ ቤልቱን ወጥሮ የሚይዝ፣ በውስጡ ኩሽኔታ ያለው ተሽከርካሪ ክፍል ሲሆን፣ በአንዳንዱ መኪና በሞላ፣ በሌላው በዘይት ግፊት ይሠራል።

በቅድሚያ መኪናዎ ቤልት ይኑረው ሰንሰለት ያረጋግጡ። ቪትዝ ሰንሰለት ነው፤ በ4ኬ ሞተር የሚሄደው አሮጌው ኮሮላም እንዲሁ። ቀጥሎ የሚታወቀው ቤልቱ ቢበጠስ የሚደርሰው ጉዳት ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ፒስቶኑ ከቴስታታው (ቫልቮቹ ካሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር በጣም ስለሚቀራረብ፣ ቤልቱ ሲበጠስ ክፍት የቀሩት ቫልቮች በፒስቶኑ ተመትተው ይጣመማሉ፤ ይህም ቢያንስ ቴስታታ ማስወረድ ማለት ነው። እንደ 4ኤ-ኤፍኢ ባሉት የቶዮታ የቤንዚን ሞተሮች ግን ቫልቭና ፒስቶን ስለማይገናኙ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ አይሰበርም። እንዲህም ሆኖ የዓባይን በረሃ እየወረዱ ሳለ ሞተር ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደድራል፤ ስለዚህ የሞተሩ አለመሰበር ብቻውን አያጽናናም።

የመቀየሪያው ጊዜ ለብዙዎቹ አሮጌ ቶዮታዎች 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንደ 1ኬዲ ባሉት ዘግይተው በመጡ የናፍጣ ሞተሮች 150,000 ይደርሳል። ይሁን እንጂ ጎማ በመዞር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል። ከባሕር ዳር ጎንደር ደርሶ መልስ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በየቀኑ የሚመላለስ ሚኒባስ 100,000 ኪሎ ሜትሩን በ278 ምልልስ፣ ማለትም በዘጠኝ ወር ገደማ ይጨርሳል። በከተማው ውስጥ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄድ የቤት መኪና ግን እዚያ ቁጥር ላይ ለመድረስ ከ13 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ሚኒባሱ ኪሎ ሜትሩን ይቁጠር፤ የቤት መኪናዋ ባለቤት ዓመቱን ይቁጠር፤ በእኔ ግምት ከስድስት፣ ቢበዛ ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ቤልት ላይ መተማመን ተገቢ አይደለም። ለነዳጅ ሲሰለፉ ሞተሩን ሳያጠፉ የሚቆዩ ሰዎችም ቆጣሪው ባይንቀሳቀስም ቤልቱ እየዞረ መሆኑን ልብ ሊሉ ይገባል።

ያገለገለ መኪና ሲገዙ ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር እንደ ማስረጃ አይውሰዱት፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የቶዮታ የቤልት መብራትም የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ቤልቱን አያየውም፤ ሳይቀየርም በቀላሉ ሊጠፋ ይችላል። የጽሑፍ መረጃ ከሌለ ቤልቱ ጊዜው እንዳለፈ ቆጥሮ መቀየር ይሻላል።

ክዳኑን ከፍቶ ማየት ጠቃሚ ነው፤ የተሰነጠቀ ጀርባ፣ የተበላ ጠርዝ፣ የጎደለ ጥርስ ወይም በዘይት የራሰ ጎማ ከታየ ቤልቱ ያለ ክርክር ይቀየር። ነገር ግን ከአዳዲሶቹ የጎማ ዓይነቶች የተሠሩ ቤልቶች ሳይሰነጠቁ ሊበጠሱ ስለሚችሉ፣ መካኒኩ በእጁ ዳስሶ «ገና ነው» ቢልዎ በዚያ ብቻ አይርኩ።

ዕድሜውን የሚያሳጥሩት ነገሮች በአመዛኙ በእጃችን ያሉ ናቸው። በላቫጆ ሞተርን በናፍጣ ማጠብ የተለመደ ቢሆንም ናፍጣ ጎማን ስለሚያለሰልስ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ የሚነሣው አቧራና በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃና ጭቃ፣ ክዳኑ ከተሰነጠቀ ወይም ብሎኑ ከጎደለ በቀጥታ ቤልቱ ላይ ያርፋሉ፤ አንዳንድ ጋራዥ ክዳኑን ጭራሽ ሳይመልስ መኪናውን ያስረክባል። ቤልቱ የላላ መኪና በግፊት ሲነሣ፣ በተለይም በኋላ ማርሽ ሲገፋ፣ ጥርስ ሊዘል ይችላል።

ቴንሽነሩን በተመለከተ ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው፤ ያለ እርሱ ቤልት ብቻውን አይቀየርም። ከዓመታት በፊት የገዛኋት ሃይሉክስ ወረታ ሳልደርስ ቆመች፤ ሲከፈት ቤልቱ አዲስ ነበር፤ ቀደም ሲል የቀየረው ጋራዥ ግን የተወው ቴንሽነር ኩሽኔታው ተጣብቆ የቤልቱን ጠርዝ በልቶት ነበር። ጠቅላላው የመፍታት ድካም አንድ ዓይነት ስለሆነ በዚያው ጊዜ ቴንሽነሩን፣ ካለም ሁለተኛውን ተሽከርካሪ፣ እንዲሁም የክራንክሻፍቱንና የካምሻፍቱን የዘይት ሲሎች (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ቀለበቶች) መቀየር ያዋጣል። የውኃ ፓምፑ በዚሁ ቤልት የሚዞር ከሆነ እርሱም ይጨመር፤ በ5ኤል ላይ የሚዞረው በውጪው ቺንጋ ስለሆነ የግድ አይደለም። ዕቃውን ሲገዙ አሮጌውን ቤልት ይዘው ይሂዱ፤ ጥርሱን ቆጥረው፣ ስፋቱንም አስተያይተው ይግዙ፤ አዲሱን ቴንሽነር በጣት ሲያዞሩት ሳይንኳኳና ሳይሻክር መዞር አለበት።

ሥራው የሚጀመረው በቀዘቀዘ ሞተር፣ ባትሪውን በመንቀል ነው። የውጪዎቹ ቺንጋዎች ከወጡ በኋላ የክራንክሻፍቱ ፑሊ በማውጫ መሣሪያ ይውጣ፤ በመዶሻ መምታት ፑሊውንም ክራንክሻፍቱንም ይጎዳል። አሮጌው ቤልት ከመውጣቱ በፊት የአንደኛው ሲሊንደር ፒስቶን በላይኛው ጫፍ ላይ ሆኖ በክራንክሻፍቱ፣ በካምሻፍቱ፣ በናፍጣ ሞተርም በፓምፑ ጥርስ ላይ ያሉት ምልክቶች ከየመመሪያ ምልክታቸው ጋር ሊገጥሙ ይገባል። በስልክ ፎቶ ማንሣት ብዙ ክርክር ያስቀራል። ቤልቱ ከወጣ በኋላ ካምሻፍቱንም ክራንክሻፍቱንም ለብቻ ማሽከርከር ቫልቭ ሊያጣምም ስለሚችል ማንም አይንካቸው።

አዲሱ ቤልት አይታጠፍ፣ አይጠምዘዝ፣ በካቻቢቴ እየተፈለቀቀም አይግባ። ሲገባ በቴንሽነሩ በኩል ያለው ጎን ብቻ ላላ ብሎ ሌላው ሁሉ የተወጠረ ይሁን። ባለሞላ ቴንሽነር ከሆነ ብሎኖቹን ላላ አድርጎ ሞላው ራሱ እንዲወጥር መተው ነው፤ በብረት ገፍቶ ከመጠን በላይ መወጠር የኋላ ኋላ ኩሽኔታውን ያስጮኸዋል። በዘይት የሚሠራው ደግሞ በሞርሳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ በጣም በዝግታ ይጨመቅና ቤልቱ እስኪገባ ተጨምቆ እንዲቆይ የሚይዘው ፒን ይግባበት፤ በችኮላ ከተጨመቀ የውስጥ ሲሉ ይቀደዳል።

ከዚያም ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ክራንክሻፍቱ በእጅ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። የቤንዚን መኪና ከሆነ ካንዴላዎቹን መፍታት ሥራውን ያቀልላል። በመሃል እንደ ድንጋይ ከደረቀ አያስገድዱት፤ ቫልቭና ፒስቶን ተገናኝተው ይሆናል። ሁለቱ ዙሮች ሲያልቁ ምልክቶቹ ሁሉ ዳግመኛ ካልገጠሙ ቤልቱ ወጥቶ እንደገና ይገባል፤ በአንድ ጥርስ ብቻ የሳተ የናፍጣ ፓምፕ በጭስና በጉልበት ማነስ ይታወቃል። ከገጠሙ የቴንሽነሩ ብሎኖች በሞተሩ መመሪያ ልክ ይጠበቁ፤ ክዳኑም በብሎኖቹ ሁሉ ይታሰር።

መኪናውን ሲረከቡ አሮጌውን ቤልትና ቴንሽነር ጠይቀው ይውሰዱ፤ የቶዮታው መብራትም ወደ ዜሮ መመለሱን ያረጋግጡ። ቀኑን፣ የቆጣሪውን ቁጥርና የተቀየሩትን ዕቃዎች በወረቀት ጽፈው በክዳኑ ላይ ይለጥፉ፤ መኪናዋን አንድ ቀን ቢሸጧት ለሚገዛት ሰውም እርሱ ነው የሚተርፈው።