ማሲንቆ ስትቀዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ማይክ ያለው ወጣት ዛሬ ቤቱን ስቱዲዮ አድርጎ ያቀናብራል። የአዝማሪ ልጆች የአባትና የእናታቸውን ሙያ በገዛ እጃቸው መቅዳት መቻላቸው እኔን ከልብ ያስደስተኛል። ነገር ግን «እስኪ አንዴ ስማልኝ» እየተባሉ በሚመጡልኝ ሥራዎች ላይ ያው ስህተት ስለሚደጋገም፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

ትዕግስቴን የሚያስጨርሰኝ ማሲንቆውን ለኪቦርዱ ማስገበር ነው። ልጁ ስልኩ ላይ መቃኛ አፕ ይከፍትና መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ «ጠበቅ፣ ላላ» እያለ ባለማሲንቆውን ያስጨንቃል። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳዩ ድረስ ያለውን ርቀት፣ እኩል 12 ቦታ ይከፍለዋል። ይህ ድምፃቸው አንዴ ከተቃኘ በኋላ በጣት ሊለወጥ ለማይችል የአውሮፓ መሣሪያዎች የተደረሰበት መላ ነው። ማሲንቆ ላይ ቁልፍ የለም፤ ጣት የፈረስ ጭራውን ይነካዋል እንጂ አንገቱ ላይ አይጫነውም፤ የት እንደሚነካ የሚያውቀው ጆሮ ነው። ባለማሲንቆው የሚቃኘው የዚያን ምሽት ዘፋኝ ጉሮሮ ሰምቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ዘፋኟ የትዳር ጓደኛው ናት። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ሲመታ ልብ ብላችሁ ስሙ። አንዳንዱ ድምፅ በኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል። እዚያ መውደቁ ስህተት አይደለም፤ ቅኝቱ ማለት እሱ ነው። እሱን «አስተካከልኩት» ያለ ሰው አንቺ ሆዬን ከዘፈኑ አውጥቷታል።

ኦቶቱን ይህንኑ ያባብሰዋል። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የሳተ ድምፅን ማንም ሳያውቅ ለማቃናት ነበር። የአልጄሪያና የሞሮኮ ዘፋኞች ግን ለጌጥ አዋሉት፤ ድምፃቸውን ሲያንቀጠቅጡ ማሽኑም አብሯቸው እንዲዘል አደረጉት። ዘፋኙ በራሱ ድምፅ ላይ መርጦ ያደረገው ነውና ተቃውሞ የለኝም። እኛ ጋ ግን አቀናባሪው ባለቤቱን ሳይጠይቅ የማቃኛውን ፍጥነት እስከ መጨረሻው አድርጎ ማሲንቆው ላይ ይጭነዋል፤ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚንሸራተተው ጣት እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። በአዝማሪዎች መንደር በቡርቧክስ ያደጉ አንድ አባት የመቱት ዘፈን አዲስ አበባ ተቀናብሮ ሲመለስላቸው አብሬያቸው ነበርኩ። ጆሮ ማዳመጫውን አድርገው አንድ ዙር ሰሙ፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ዜማውን መከተል ጀመሩ፣ ከዚያ ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄን ማን ነው የመታው?» አሉ። የመቱት እሳቸው ነበሩ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ባለማሲንቆው እንደ ልቡ ይቃኝ። ከዚያ የኪቦርዱን ጠቅላላ ቅኝት ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ወደ እሱ አምጡት። ያማሃና ኮርግ ለአረብ ሙዚቃ ብለው የሚሠሯቸው ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ማስተካከያ አላቸው፤ የአረብ ገበያ ፋብሪካውን ወደ ራሱ ቅኝት አምጥቶታል፣ እኛም በዚያው እንጠቀም። ይህ ከሌላችሁ ኪቦርዱ የሚጋጭበት ቦታ ላይ ዝም ይበል። ኦቶቱን ማሲንቆ ላይ ፈጽሞ አትክፈቱ።

ሜትሮኖምም፣ ማለትም ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ እንዲሁ። እስክስታው ሲግል አዝማሪው ይፈጥናል፤ ችክችካውን ከኮምፒውተሩ መስመር ጋር አትቸንክሩት።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ኤሌክትሪክ የነካው ሁሉ ባህል ያጠፋል ብለው ቤዝ ጊታር እንኳ የሚፈሩ አሉ። የጎንደር ዜማ መቼ አንድ ቦታ ቆሞ ያውቃል? የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ድጓን ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ዙር አምባ፣ አቋቋምን እዚሁ ጎንደር በአታ እየዞረ ይማራል፤ ትምህርቱ ጸንቶ የኖረው በተጓዥ እግር ነው። አዝማሪም ሠርግና ድግስ ተከትሎ ከአገር አገር ሲዞር የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የትንፋሽ መሣሪያቸውን ይዘው ገቡ፤ በኋላ የመጣው የአዲስ አበባ ባንድ ድምፅ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ኩባ ውስጥ ያቆዩት ምት በሸክላ ተቀድቶ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ወደ ኮንጎ ተመለሰ፤ ኪንሻሳና ብራዛቪል የራሳቸውን ሩምባ ሠሩበት። ካሆን የሚባለው የፔሩ ጥቁሮች የሳጥን ከበሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጊታሪስቱ በፓኮ ደ ሉሲያ በኩል ፍላሜንኮ በሚባለው የስፔን ሙዚቃ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ከስፔን ነው የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በሁለቱም ቦታ የመረጡት ሙዚቀኞቹ ናቸው። ስለዚህ ቤዙን አምጡት፤ ግን ባለማሲንቆው ሰምቶ «ይሁን» ይበል።

ዘፈኑን ሦስት ደቂቃ ለማድረግ «ተቀበል»ን የሚቆርጡ ደግሞ አሉ። ሦስት ደቂቃ ከየት መጣ? የጥንቱ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት ደቂቃ ብዙም ስለማይበልጥ የዓለም ዘፋኝ ሁሉ ዘፈኑን በዚያ ልክ ቆረጠ። ካሴት ሲመጣ ቦታው ሰፋ። ዛሬ ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተሰማ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነውና ሁሉም መጀመሪያው ላይ ይጣደፋል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ግን ሥራው ራሱ ቅብብሉ ነው፦ እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል፣ ሰው ወርቁን ሲያገኝ ይስቃል። ሳቁን ጭምር ቅዱት። ለመልቀቅ አጭሩን አዘጋጁ፣ ሙሉውን ግን አታጥፉ።

ማሲንቆን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አትላኩ። ለንግግር ተብሎ ስለሚጨመቅ የደጋኑ ሻካራ ድምፅ ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት። ስልካችሁ ላይ የጀርባ ጫጫታ ማጥፊያ ካለም ዝጉት፤ ረጅም ሳይቋረጥ የሚሄድ ድምፅን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያደበዝዘው ይችላል።

ውጭ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ስትሠሩ የሚፈጠረው ስህተት ልብ ይነካል። በጎንደር ዙሪያ ካሉት ከወለቃና ከአምቦበር የወጡ ቤተ እስራኤላውያን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በረሃ ያለፉት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተወሰዱት ከ14,000 በላይ ሰዎች፣ ዘፈናቸውን ይዘው ሄደዋል። ዋሽንግተን ያሉትም እንዲሁ። የሄደ ሰው የሄደበትን ዘመን ዘፈን አጥብቆ ይይዛል፤ እዚህ የተረሳ ግጥም እነሱ ጋ ይገኛል። ልጆቻቸው ከሂፕ ሆፕ ጋር ሲቀላቅሉት «ተበላሸ» ብላችሁ አትመልሷቸው፤ አድምጧቸው። አብራችሁ ስትሠሩ ግን በቪዲዮ ጥሪ እኩል ለመምታት አትሞክሩ። በኢንተርኔት ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሰከንድ ጥቂት መቶኛ መዘግየት እንኳ ምት ያፈርሳል፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዘፈኑ እየተጎተተ ይሄዳል። መጀመሪያ ማሲንቆውና ድምፁ ጎንደር ይቀዳ፣ ፋይሉ ይላክ፣ ከበሮውና ኪቦርዱ በዚያ ላይ ይጨመር። ተገላቢጦሽ ከሆነ ማሲንቆው ተመልሶ የኪቦርዱ ሎሌ ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ያለ ስምና ያለ ስምምነት አትቅዱ። የአንዲት ዘፋኝ ቅጂ በሌላ ሰው ስም ዩቲዩብ ላይ ተመዘገበ። በኋላ ራሷ የለቀቀችውን የዩቲዩብ ሥርዓት «የሌላ ንብረት» ብሎ ገቢውን ወሰደባት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም፣ ማለትም ለመቺውና ለዘፋኙ፣ መብት ይሰጣል፤ ይህን የማያውቅ አዝማሪ ብዙ ነውና እናንተ ንገሩት። ማይኩ ሳይከፈት በፊት የመቺውንና የዘፋኟን ሙሉ ስም፣ ቦታውንና ቀኑን፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈል ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሁሉም ይፈርሙ። ያልተነካውን ቅጂም በፍላሽ አድርጋችሁ ለባለቤቶቹ ስጧቸው።