የሐረር ጉዟችሁን ካርታ ላይ እንዲህ ተርኩት

ሐረር ደርሶ የመጣ ሰው ስልኩ በፎቶ ይሞላል ግን የቱ የት እንደተነሳ ቶሎ ይጠፋዋል፣ ስለዚህ የራሳችሁን ካርታ የምትሠሩበትን ጉግል ማይ ማፕስን ሞክሩት፣ ነፃ ነው፣ ጂሜይል ካላችሁ በቃ። የአንድሮይድ አፑ ስለተዘጋ በብሮውዘር ክፈቱት፣ ኮምፒውተር ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ይቀላል።

አዲስ ካርታ ክፈቱና ከሐረር በር ጀምሩ፣ ፒን (የቦታ ምልክት) አድርጉ፣ ከዛ ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ፈረስ መጋላ፣ ከዛ ወደ መኪና ግርግር ውረዱ። እዚህ ጋ ቆም በሉ! ፒኑ ላይ "ቆንጆ ቦታ" ብላችሁ አትለፉ እባካችሁ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን መንገድ ዳር አውጥተው እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ጎናቸው ጨርቅ ተከምሮ፣ እሱን ፃፉ፣ ሰው እዛ የቆመ እንዲመስለው። ፎቶ ለመጨመር ፒኑን ነክታችሁ የካሜራዋን ምልክት ተጫኑ።

ጀጎል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ መንገዱ ጠባብ ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ ጂፒኤስ ይዋዥቃል፣ ስለዚህ የሄዳችሁበትን በመስመር መሳያው ራሳችሁ ሳሉት። ካርታው እስከ 10 ሌየር (ፒኖችና መስመሮች ለየብቻ የሚመደቡበት ንብርብር) ይፈቅዳል፣ እኔ ግን ሁለት ይበቃል ባይ ነኝ፣ አንዱ የቀኑ፣ አንዱ የማታው፣ ጅብ የሚመገብበት ከግንቡ ውጪ ያለው ቦታ ማታው ውስጥ ይግባ።

ሼር ስታደርጉ "ሊንኩ ያለው ሁሉ" የሚለውን ምረጡ። ቤታቸው አስገብተው ቡና ያጠጧችሁን ሰዎች ግን ሳታስፈቅዱ ፒን አታድርጉ፣ ሰፈሩን ብቻ ጥቀሱ።