ትልቅ የብረት ማማን በፋይናይት ኤለመንት እንዴት ማስላት ይቻላል

ፋይናይት ኤለመንት ማለት አንድን አካል በኮምፒውተር ወደ ትንንሽ ቁርጥራጮች (ኤለመንቶች) ከፋፍሎ ጭነት ሲያርፍበት የሚሆነውን ማስላት ነው። ከአዳማ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች (34ቱ የአዳማ አንድ፣ 102ቱ የአዳማ ሁለት) ለዚህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ለስሌት እንዲመች ቁመቱ 65 ሜትር፣ አማካይ ዲያሜትሩ 3.5 ሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 25 ሚሊሜትር የሆነ ማማ እንያዝ። ሁሉንም 8 ሚሊሜትር በሆነ ሶሊድ ኤለመንት (ኩብ መሰል ድፍን ቁራጭ) ከከፋፈሉት ከ33 ሚሊዮን በላይ ኤለመንት ይወጣል፤ ላፕቶፕ አይችለውም። በ20 ሴንቲሜትር ሼል ኤለመንት (ውፍረቱ በቁጥር ብቻ የሚገባ ገጽ መሰል ቁራጭ) ግን 18 ሺህ ገደማ ይበቃል።

መጀመሪያ ሙሉውን ማማ በሼል ይሥሩ። የበሩን ቀዳዳና በዙሪያው ያለውን ማጠናከሪያ በግርድፉም ቢሆን አይተዉ። አናት ላይ ያለውን ማሽንና ክንፎቹን መሳል አያስፈልግም፤ ክብደታቸውን በስበት ማዕከላቸው ላይ እንደ ነጥብ አስቀምጠው ከላይኛው ቀለበት ጋር በማይታጠፍ ማያያዣ ያስሩት።

ቀጥሎ ግርጌው ነው። ብዙ ሰው ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ አድርጎ ያስረዋል። መሠረቱ ያረፈበት አፈር ግን ጭነት ሲያርፍበት በትንሹ ይንቀሳቀሳል። ይህን የአፈር እንቅስቃሴ የሚወክል፣ ከአፈር ምርመራው የተገኘ ስፕሪንግ ካልገባ የማማው የንዝረት ድግግሞሽ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሦስት ክንፍ ያለው ተርባይን በደቂቃ 18 ጊዜ ቢዞር ማማውን በ0.3 እና በ0.9 ኸርዝ ይነቀንቀዋል፤ የማማው የመጀመሪያ ድግግሞሽ ከሁለቱም መራቅ አለበት። ስለዚህ ይህ ስህተት እንደ ቀላል አይታይም።

ነፋሱን ከመጫንዎ በፊት የማማውን ክብደት ብቻ ያሰሉ። ይህን ፈተና በምንም ምክንያት አይዝለሉት። ማማው 140 ቶን ገደማ ስለሆነ ግርጌው ወደ ላይ 1,376 ኪሎኒውተን አካባቢ የሆነ ኃይል መመለስ አለበት። ካልመለሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መለኪያው ላይ ነው፦ በሚሊሜትርና በኒውተን ሲሠራ የብረት እፍጋት 0.00000000785 ቶን በኪዩቢክ ሚሊሜትር ነው። 7850 ብለው ካስገቡ ክብደቱ ትሪሊዮን እጥፍ ይሆናል።

አሁን የበሩን አካባቢ ብቻ ቆርጠው በሶሊድ ይሥሩ። መቁረጫው ከበሩ ጠርዝ የበሩን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ። ከትልቁ ሞዴል የተገኘውን መፈናቀል (እያንዳንዱ ነጥብ ከቦታው የተንቀሳቀሰበትን መጠን) በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ይጫኑ፤ እዚያ ላይ የሁለቱ ሞዴሎች ስትረስ (በብረቱ ውስጥ በስፋት አሃድ ላይ ያለው ኃይል) ከ5 በመቶ በላይ ከተለያየ መቁረጫውን ያርቁ። ሜሹን (የኤለመንቶቹን መረብ) ከ40 ወደ 20፣ ከዚያም ወደ 10 ሚሊሜትር እያጠበቡ ውጤቱ መርጋቱን ይዩ።

በሹል ማዕዘን ላይ ግን አይረጋም፤ ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ስትረሱ ያለ ገደብ ይወጣል። ቁጥሩ የሒሳቡ እንጂ የብረቱ አይደለም። ማዕዘኑ ክብ ከሆነ ክቡን ይሳሉት። ብየዳ ከሆነ ከብየዳው ጫፍ 10 እና 25 ሚሊሜትር ርቀት ላይ፣ ማለትም በውፍረቱ 0.4 እና 1 እጥፍ ላይ፣ ስትረሱን ያንብቡና በሁለቱ ነጥቦች ያለፈውን ቀጥታ መስመር እስከ ብየዳው ጫፍ ያስረዝሙት። ለድካም (ብረት በተደጋጋሚ ጭነት ቀስ በቀስ ለሚሰነጠቅበት ሁኔታ) ስሌት የሚያገለግለው ያ ቁጥር ነው።