ፊደል ገበታውን በዜማ ይወርደዋል፣ ማንበብ ግን አልቻለም፦ ዲስሌክሲያ ያለበትን ልጅ እንዴት እንለየው፣ እንዴትስ እናግዘው

ባህር ዳር ውስጥ ሁለተኛ ሦስተኛ ክፍል ያስተማረ ሁሉ ይሄን አይነት ልጅ ያውቀዋል። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች በምን እንደሚለይ፣ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁት፣ አንድ በአንድ ያስረዳችኋል፣ የቃል ሂሳብ ላይም የሚቀድመው የለም፣ መፅሐፍ ሲከፈት ግን ላብ ያጠምቀዋል። ከዛ ሰነፍ ነው ይባላል፣ ቤት ሲሄድ ይገረፋል፣ አራተኛ ክፍል ሲደርስ እሱ ራሱ ደደብ ነኝ ብሎ ያምናል። እዛ ሳይደርስ ወላጅም አስተማሪም ብዙ ማድረግ ይችላል።

ዲስሌክሲያ ባጭሩ አንጎል የቃልን ድምፆች ነጣጥሎ ከፊደል ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ላይ ያለ ችግር ነው። ከእውቀት ማነስ ጋር አይገናኝም፣ እናት ስላላስጠናችም አይመጣም፣ በቤተሰብ ግን ይወርዳል፣ ስለዚህ አባትየው ወይ አጎቱ ልጅ እያለ በንባብ ተቸግሮ እንደሆነ በዘዴ ጠይቁ። ስሙን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነበር፣ ግን ችግሩ ዓይን ላይ እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህ ልዩ ቀለም ያለው መነፅር ምናምን ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ብራችሁን ያዙ። ፀበል መውሰድ የሚፈልግ ይውሰድ፣ ማንም አይከለክልም፣ ንባቡን ግን ጎን ለጎን ካላስተማርነው አይመጣም።

አሁን ዋናው ነገር። ልጁ ማንበብ ስላልቻለ ብቻ ዲስሌክሲያ ነው አይባልም፣ መጀመሪያ በደንብ ተምሯል ወይ ብለን እንጠይቅ። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ግጭቱ በክልላችን ስንቱን ልጅ ከክፍል እንዳስቀረው ሁላችንም እናውቃለን። ያልተማረ ልጅ በትክክል ሲያስተምሩት ቶሎ ይነሳል። ዲስሌክሲያ ያለበት ግን ያንኑ ትምህርት በየቀኑ እያገኘ እኩዮቹ ሲሄዱ እሱ እዛው ይዳክራል። ስለዚህ የተሻለው መለያ ሁለት ሦስት ወር ደህና አድርጎ እያስተማሩ ለውጡን ማየት ነው፣ ልጁም እስከዛው ምንም አይቀርበትም። ከዛ በፊት ግን ዓይኑና ጆሮው ይታይ፣ ፈለገ ህይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታል አለ፣ የማይሰማን ልጅ አያነብም ብሎ መቆጣት ግፍ ነው።

ለመለየት የሚረዱ ቀላል ነገሮች አሉ፣ ቤት ውስጥም ይሠራሉ። የመጀመሪያው ፊደል ገበታ ነው፣ እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ስለሚሸመድዱት ከላይ እስከታች ሲወርደው ፊደል ቆጥሯል እንላለን፣ ጣቱ ግን ከአፉ ጋር እየሄደ አይደለም። ገበታውን አስቀምጡና ከመሀል "ቤ"ን አሳየኝ፣ "ኩ"ን አሳየኝ፣ ይሄስ ማነው በሉት። ከ"በ" ጀምሮ ቆጥሮ "ቤ" ላይ የሚደርስ ከሆነ ፊደሉን ገና አላወቀውም፣ ዜማውን ነው የያዘው።

ሁለተኛ፣ በጆሮ ብቻ አጫውቱት። "ቆሮሶ በል፣ እሺ አሁን ቆን ትተህ በል"፣ "ጣና በምን ይጀምራል፣ በዛ ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃል አምጣ" አይነት። እዚህ ላይ በጣም የሚቸገር የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ትልቅ ምልክት እያሳያችሁ ነው። ሦስተኛ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ፃፉለት፣ "ሙቤጣ"፣ "ሎፊካ" የመሳሰሉ፣ ሸምድዶ ሊያመልጥ አይችልም። አራተኛው ደግሞ አንድ አጭር ታሪክ አንብቡለትና ጠይቁት፣ ሌላውን ራሱ ያንብብና ጠይቁት፣ ሲነበብለት ሁሉንም መልሶ ሲያነብ ግን ምንም ካልቀረው በዚህ ልዩነት ላይ ትኩረት አድርጉ። በተረፈ አንዱን ቃል በአንድ ገፅ ላይ ሦስት አይነት አድርጎ መፃፍ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ ቀሪውን መገመት፣ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መጨረሻ መቅረት፣ የንባብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ማለት፣ እነዚህም ምልክቶች ናቸው። ፊደል አዙሮ መፃፍ ግን ብቻውን አያስደነግጣችሁ፣ እስከ ሰባት ዓመት ብዙ ልጅ ያደርገዋል።

ማስተማሩ ላይ ስንመጣ ገበታውን በሙሉ ከፊቱ አትዘርጉበት። በሳምንት ጥቂት ፊደል ይበቃል፣ መልካቸው የሚቀራረበውን (ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ) በአንድ ሳምንት አትስጡት፣ አንዱ ሳይፀና ሌላው ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። የምልክቱን ሕግ በግልፅ ንገሩት፦ ቡ፣ ሉ፣ ሱ ላይ ምልክቷ ቀኝ ጎን ናት፣ ቢ፣ ሊ፣ ሲ ላይ ወደ እግር ትወርዳለች፣ ቤ፣ ሌ፣ ሴ ላይ ቀለበት ትሆናለች። ሕጉን የሚያፈርሱት እነ ሩ እና ሪ፣ እነ ኳ እና ጓ በኋላ ይምጡ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ መጀመሪያ አንዷን ብቻ ያስተምሩት፣ በሌላዋ ስለፃፈ ደግሞ ኤክስ አይደረግበት በእናታችሁ። ድምፁን ጮክ ብሎ እያለ ትሪ ላይ በተዘረጋ አሸዋ በጣቱ ቢፅፈው ጥሩ ነው፣ ግን ድምፁን ካላለ አሸዋው ብቻውን ምንም አይሠራም።

በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየቀኑ። ቅዳሜን ሙሉ አስቀምጦ ማስጠናት ልጁን ያስመርረዋል እንጂ አያስነብበውም። አጭር አንቀፅ መጀመሪያ እናንተ አንብቡለት፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ ከዛ ብቻውን፣ ያንኑ አንቀፅ በነጋታውም ይድገመው። ፍጥነት ለምን እንደሚያስፈልግ በአማርኛ ቶሎ ይታያል፣ አፃፃፋችን ጥብቀትና መላላትን አያሳይም፣ "ገና" የበዓሉ ይሁን ገና ያልደረሰው የምናውቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው፣ ፊደል በፊደል የሚጎትት ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

ለክፍል አስተማሪዎች፣ ክፍሉ ስልሳ ሰባ ተማሪ ሆኖ ለአንድ ልጅ ጊዜ መስጠት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ምንም ጊዜ የማይወስዱም አሉ። ድንገት አስነስታችሁ ሰው ፊት አታስነብቡት፣ ከፈለጋችሁ ከዋዜማው ንገሩትና ተለማምዶ ይምጣ። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። ኖቱን በሙሉ እንዲገለብጥ አታስገድዱት። ሳይንስና ኅብረተሰብ ላይ የፊደል ግድፈቱን ሳይሆን ሐሳቡን አርሙ፣ ሲቻል በቃል ጠይቁት፣ ፈተና ላይ ትርፍ ሰዓት ስጡት። ወላጅ ስልክ ካለው የመፅሐፉን ገፅ በድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩለት፣ እየሰማ በጣቱ ይከተላል። እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ይበልጥ ሊቸገር ይችላል፣ ሌላ ፊደል፣ ያውም እንደተፃፈ የማይነበብ፣ ስለዚህ እዛም ድምፅ በድምፅ እንጂ ቃሉን በሙሉ ሸምድድ አይባልም።

ለዲስሌክሲያ የሚታዘዝ መድኃኒት የለም፣ ሥራው ማስተማር ነው። ትምህርት ቤታችሁ የልዩ ፍላጎት መምህር ካለው ከእሱ ጀምሩ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያስተምር ክፍል አለው፣ ሄዳችሁ ብታማክሩ አትጎዱም፣ ግን የምርመራ ወረቀት እስኪመጣ ብላችሁ ልጁን ቁጭ አታድርጉት። ለልጁም የችግሩን ስም ንገሩት፣ አንጎልህ ፊደልን የሚይዝበት መንገድ ለየት ይላል፣ በሌላ መንገድ እናስተምርሃለን በሉት።

አንድ ደብተር ክፈቱለት። በየሁለት ሳምንቱ ተመሳሳይ ክብደት ያለው አንቀፅ ለአንድ ደቂቃ አስነብቡትና ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ከነቀኑ ፃፉ፣ የትኞቹ ፊደላት እንደሚምታቱበትም ጨምሩ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ለቀጣዩ ክፍል አስተማሪ በእጃችሁ ስጡት፣ መስከረም ላይ ከዜሮ እንዳይጀምር።