የድሬዳዋ ፀሐይና የመስኮት ጥላ፦ ስናሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ግንቦት ሲገባ ድሬዳዋ ውስጥ ወሬው ሁሉ ሙቀት ነው። አቅም ያለው ኤሲ ያስገባል፣ ሌላው ቬንቲሌተር ሲያሽከረክር ያድራል፣ ፍራሹን ይዞ ግቢ የሚወጣም አለ። ቤቱ ኮርኒስ ካለው፣ ከጣሪያው ቀጥሎ መጠርጠር ያለበት መስኮቱ ነው። ለመስኮት ጥላ ማሠራት ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም። ብየዳ ቤት ታዛላችሁ፣ መጥተው ይገጥሙታል፣ አለቀ። ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ቤቱ ያው እንደ ድሮው ይግላል። መስኮቱን በደንብ ይለካል፤ ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ ግን ቆሞ አያይም።

ከውስጥ መከለል

የመጀመሪያው መፍትሔ ሁሌም ወፍራም መጋረጃ ነው። መጋረጃ ብርሃኑን ያስቀራል፤ ሙቀቱን ግን አብዛኛውን ያስገባል። ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ጨርቁ ላይ ታርፋለች፣ ጨርቁ ይግላል፣ ከዚያ እሱ በተራው ክፍሉን ያሞቃል። መስታወት የፀሐይን ብርሃን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ከጋለ ነገር የሚወጣውን ሙቀት ግን ወደ ውጭ መልሶ አያሳልፍም። ከሰዓት በኋላ እጃችሁን በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል አስገቡ። እዚያ የታመቀው ትኩስ አየር ነው ከላይ በኩል እያመለጠ ወደ ቤት የሚገባው። ጥላው ከመስታወቱ ውጭ ሲሆን ግን የሚግለው ጥላው ራሱ ነው፤ ሙቀቱንም ነፋስ ይወስደዋል።

የሌላ አገር ምክር እንዳለ መውሰድ

ይሄ ስህተት ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ጥሩ ሰዎች ከልባቸው የሚመክሩት ስለሆነ። ኢንተርኔት ላይ ያለው አብዛኛው ምክር የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ቤት ነው። «የደቡቡን መስኮት ሸፍኑ፣ የሰሜኑን ተዉት» ይላል። ለዋሽንግተን ልክ ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ሰኔ አጋማሽ ላይ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ሙቀቱ የሚብሰው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ የደቡቡ መስኮት ቀትር ላይ ፀሐይ አያገኘውም፤ የሰሜኑ ነው የሚያገኘው።

ደስ የሚለው ነገር፣ የሰሜኑ መስኮት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ስለምትመጣ፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲም ብቻ የወጣ ጥላ 1 ሜትር ከ20 ቁመት ያለውን መስኮት ሰኔ ላይ በቀትር ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ጠዋትና ከሰዓት ፀሐይ በጎን ስለምትገባ 60 ሳንቲም ቢሆን፣ ስፋቱም ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ተርፎ ቢወጣ ይመረጣል።

ለምዕራቡ መስኮት ከላይ ብቻ መሸፈን

የቤቱ ጠላት የምዕራቡ መስኮት ነው። ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ሲግል ውሎ በስተመጨረሻ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣለች። ለዚህ መስኮት ሰው የሚያሠራው ግን ለሰሜኑ ያሠራውን ያንኑ ጥላ ነው።

እስቲ በሜትር እንየው። ከላይ 60 ሳንቲም የወጣ ጠፍጣፋ ጥላ አለ እንበል። ሰኔ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ፀሐይዋ ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚያች ሰዓት ጥላው የሚሸፍነው ከመስኮቱ የላይኛውን 40 ሳንቲም ያህል ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 20 ሳንቲም ይወርዳል። የቀረው መስታወት ለፀሐይ ተሰጥቷል። ጥላውን አንድ ሜትር ብታስረዝሙትም ነገሩ ብዙም አይለወጥም።

ለምዕራብ የሚሆነው ከፊት ለፊት የሚከልል ነገር ነው። ወደ ታች ተዳፍቶ የሚወርድ ሸራ፣ የሚጠቀለል የቀርከሃ መጋረጃ፣ ወይም በቱቦላሬ ፍሬም ላይ የተወጠረ የችግኝ ጣቢያ አረንጓዴ መረብ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ከውጭ የሚዘረጋ የሸራ ጥላ በምዕራብ መስኮት የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት እስከ 77 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። መረቡ ከሸራው ርካሽ ነው፣ ነፋስም ያሳልፋል፤ ፀሐይ ስለሚበላው ግን እየቆየ መቀየር አለበት። ለምሥራቁ መስኮትም ያው ነው፤ ችግሩ ጠዋት ስለሆነ ግን ቤቱ ገና አልጋለምና ሁለተኛ ተራ ቢሰጠው አይከፋም።

መስኮቱን ዘግቶ መለካት

የእኛ የብረት መስኮት የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ባለሙያው መጥቶ የሚለካው ግን ተዘግቶ እያለ ነው። ሸራው ከተገጠመ በኋላ ክንፉ ፍሬሙ ላይ ይጋጫል፣ መስኮቱም ግማሽ ተከፍቶ ይቀራል። ድሬዳዋ ውስጥ የምሽት ነፋስ የማያስገባ መስኮት ምን ያደርጋል? ሁለቱንም ክንፍ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አስለኩ። ጥላውም ግድግዳው ላይ አይለጠፍ። ከላይ በኩል የእጅ መዳፍ የምታሳልፍ ክፍተት ይኑረው፤ ከሥሩ የሚጠራቀመው ትኩስ አየር በዚያ ይወጣል። ከዚራ ሰፈር ያሉትን የባቡር ዘመን ቤቶች ሄዳችሁ እዩ። የእንጨት መዝጊያቸው ከመስታወቱ ውጭ ነው፣ በርብራቡ መካከል ነፋስ ያልፋል፣ ፀሐይ ግን አያልፍም። አዲሱን ቤታችንን ስንሠራ ይህን መተዋችን ያስቆጨኛል።

ዕቃውን በመልኩ መምረጥ

ጥቁር ወይም ቡናማ ላሜራ ግቢውን ያሳምረዋል። ግን ይግላል፤ ከመስታወቱ ጋር ከተጠጋ ሙቀቱን መልሶ ወደ ቤት ይልካል። ፈካ ያለ ቀለም ምረጡ። «ብርሃን እንዳይቀንስብኝ» ብለው ብርሃን የሚያሳልፍ ፋይበር የሚያስገጥሙም አሉ። ብርሃን ያሳለፈ ነገር ሙቀትም ያሳልፋል።

ስለ ማሰሪያው አንድ ነገር ልበል፦ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ልስኑ ላይ ብቻ የተመታ ፊሸር አንድ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ሸራውን ይዞ ይወርዳል። የሚቻል ከሆነ ከመስኮቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ላይ ይታሰር።

ሁሉንም መስኮት በአንዴ

ገንዘብ ካጠረ ለአምስቱም መስኮት ደካማ ጥላ ከማሠራት ለምዕራቡ አንድ ጥሩ ጥላ ማሠራት ይሻላል። የመኝታ ቤቱ መስኮት በምዕራብ ከሆነማ ከእሱ ጀምሩ። የሌሎቹን በሚቀጥለው ዓመት ማየት ይቻላል።

ግቢ ያላችሁ ደግሞ በምዕራብ በኩል ኒም ትከሉ። ሙቀትና ድርቅ ይችላል፣ ቶሎም ያድጋል። ሰው የሚሳሳተው መስኮቱ ሥር መትከሉ ላይ ነው። ከሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ፣ አራት አምስት ሜትር ርቆ የቆመ ዛፍም ጥላው ግድግዳው ላይ ይደርሳል፤ ሥሩም ከመሠረቱ ራቅ ይላል። ሐምሌ ላይ ዝናቡን ይዛችሁ ትከሉት፣ እስኪያድግ ድረስ ግን ሸራውን አታውርዱ።