ምግብ የሚመርጥ ሰው የጾም ምግብ መብላት እንዴት ይለምዳል?

እስከ 27 ዓመቴ ድረስ የምበላው ነገር በጣት ይቆጠር ነበር። ዳቦ በሻይ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ባዶ ፓስታ፣ ሽንኩርት የሌለበት ልሙጥ ሽሮ በእንጀራ። ሥጋ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆነኝም። ስለዚህ ጾሙም ፍስኩም ለእኔ ያው ነበር።

ቤተሰቦቼ ቅብጠት ይመስላቸው ነበር። «ሲርባት ትበላለች» ይሉ ነበር። ቢርበኝም አልበላም። ጎመን አፌ ውስጥ ሲገባ ጉሮሮዬ በራሱ ይዘጋል፤ ላዘው አልችልም። እንደዚህ የሆነ ሰው ብቻ ነው የሚረዳው።

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን በዳቦና በሻይ ገፋሁት። ከፋሲካ በኋላ አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ልቤ ይደልቃል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ተመርምሬ ደም ማነስ ተባልኩ። የዚያን ቀን ነው የቆረጥኩት። ዛሬ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያና አዚፋ እበላለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። የሠራልኝንም ያበላሸሁትንም እጽፋለሁ።

የምትበሉትንና የማትበሉትን ጻፉ

ወረቀት ላይ ሁለት ዝርዝር አውጡ። አንዱ ሳትጨነቁ የምትበሉት፣ ሌላው የማትበሉት። ከእያንዳንዱ የማትበሉት ምግብ አጠገብ ምክንያቱን ጻፉ። «አልወደውም» ብላችሁ አትለፉት። ሽታው ነው? መልኩ? ሲታኘክ የሚወጣው ውሃ? ክር ክር ማለቱ? ወይስ ከሌላው ወጥ ጋር መነካካቱ?

የእኔን ስጽፍ ዝርዝሩ ላይ ደጋግሞ የመጣው አንድ ነገር ነው፦ ለስላሳ ነገር መሀል ድንገት የሚመጣ ጠጣር ነገር። ሽሮ ውስጥ ያለ ሽንኩርት፣ ምስር ውስጥ ያልፈረሰ ፍሬ፣ ቲማቲም ፍትፍት ውስጥ የቲማቲሙ ልጣጭ። ለካ የሽንኩርትን ጣዕም ጠልቼው አላውቅም። ይህን ማወቄ ብቻ ከዝርዝሩ ግማሹን ቀለል አደረገልኝ።

አንድ ነገር ግን ለዩ። አንድ ምግብ በበላችሁ ቁጥር አፋችሁን ካሳከካችሁ፣ ከንፈራችሁ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ አለርጂ ሊሆን ይችላል። እሱን በልምምድ አትሞክሩት፤ ሐኪም ይየው።

ከምትበሉት ተነስታችሁ ትንሽ ትንሽ ተሻገሩ

ከባዱ ይሄ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

ሰው ሁሉ «ጨክነሽ አንዴ ብትበይው ይለቅሻል» ይላል። ገና ለመለማመድ ሳልቆርጥ በፊት ሞክሬዋለሁ። አፍንጫዬን ይዤ አንድ ሙሉ ጉርሻ ጎመን ዋጥኩ። ወዲያው አስመለሰኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ጎመን የሚቀቀልበት ቤት መግባት አልቻልኩም። ሆድ ያስመለሰውን ምግብ አይረሳም። ስለዚህ አትጨክኑ።

የሚሠራው ሌላ ነው። ከምትበሉት ዝርዝር አንድ ምግብ ውሰዱ። ከማትበሉት ደግሞ በጣም የሚመስለውን ፈልጉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሄዱት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ ነው። እኔ ከልሙጥ ሽሮ ወደ ምስር ወጥ የሄድኩት እንዲህ ነው።

አንድ ሲኒ ምስር ክክ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ በሦስት ሲኒ ውሃ ቀቀልኩት። ውሃው ሲያንስ እየጨመርኩ፣ ፈርሶ ገንፎ እስኪመስል። በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቄ በወንፊት አሳለፍኩት። ከለመድኩት ሽሮ አንድ ጭልፋ አወጣሁና አንድ የሻይ ማንኪያ ምስር ብቻ ጨመርኩበት። ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም። እንደዚያው አራት ቀን በላሁ። ከዚያ ሁለት ማንኪያ፣ ሌላ አራት ቀን።

እዚህ ላይ ቸኮልኩ። ጥሩ እየሄደልኝ ስለነበር በዘጠነኛው ቀን ግማሽ በግማሽ አደረግሁት። በዚያ ላይ ወንፊቱንም ተውኩት። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ አንድ ፍሬ ምላሴ ላይ ቀረ፤ ሰሀኑን ገፋሁት። ለአንድ ሳምንት የምወደውን ሽሮ ራሱን ማየት አስጠላኝ። መጠንም ልስላሴም በአንድ ቀን መለወጥ አልነበረብኝም። መጠን ስትጨምሩ ልስላሴውን አትንኩ፤ ልስላሴውን ስትለውጡ መጠኑን አትንኩ፤ በርበሬውንም እንደዚሁ።

እንደገና ከአንድ ማንኪያ ጀመርኩ። በአምስተኛው ሳምንት ግማሽ በግማሽ ደረስኩ። ያኔ ወንፊቱን ትቼ በማንኪያ ብቻ ጨፈለቅሁት። ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይቼ መጨፍለቁንም ተውኩ። በሦስተኛው ወር ምስር ወጥ ለብቻው በላሁ። አልቅሻለሁ፤ እውነቴን ነው።

የሽንኩርቱ ነገር የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ሽንኩርቱን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉ። ያለ ዘይት በትንሽ እሳት ውሃው እስኪመጥ አቁላሉት። ከዚያ ዘይት ጨምራችሁ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቢያንስ ሌላ 20 ደቂቃ አቁላሉት። በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ይሟሟል፤ ምላስ ላይ አይገኝም። ጊዜ ለመቆጠብ ጥሬውን በጁስ መፍጫ የሚፈጩ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ወጡ መረር ይላል። የቸኮለ ሰው ቁሌቱን ካበሰለ በኋላ በወንፊት ቢያሳልፈው ይሻላል። ደህና ወንፊት ካላችሁ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

በዚሁ መንገድ ከድንች ወደ ካሮት፣ ከካሮት ወደ ድንችና ካሮት አልጫ፣ ከአልጫው ወደ ጥቅል ጎመን ሄድኩ። ከሽሮ ደግሞ ወደ ክክ አልጫ መሻገር ቀላል ነው። ኩርሽም የሚል ነገር የምትወዱ ከሆነ ሽምብራ ቆሎ በጣም ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ከእሱ ወደ ኑፍሮ ይኬዳል።

ደብቃችሁ አትጨምሩ

ይህን የተማርኩት በእህቴ ልጅ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ነው፤ እንደኔው ይመርጣል። የሚበላው ፓስታ በቲማቲም ስጎ ነበር። እኔ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ካሮት ቀቅዬ ጨፍልቄ ስጎው ውስጥ ደበቅሁለት። ሁለት ቀን በላ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ያልተጨፈለቀች ካሮት በሹካው አነሳና አየኝ።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምንም አይደል፣ ብላ።»

ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል ፓስታ በስጎ አልበላም። ካሮት ላስለምደው ብዬ ያለውንም አሳጣሁት። ለሚመርጥ ሰው የሚያምነው ምግብ ትንሽ ነው፤ እሱን ስትነኩበት ምን እንደምታሳጡት አስቡ።

ይቅርታ ጠየቅሁትና እንደገና ጀመርን። አሁን ካሮቱን ራሱ ይጨፈልቃል። የሚጨምረውን መጠን ራሱ ይወስናል። ባይቀምሰውም ሰሀኑ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ልጆች አዲስ ምግብ እስኪቀበሉ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ መቅረብ ሊኖርበት እንደሚችል በጥናት የታወቀ ነው። ብዙ ወላጅ ግን ሦስተኛው ላይ «አይወድም» ብሎ ይተወዋል። ለአዋቂም ያው ነው። አንድ ቀን ማሽተት፣ አንድ ቀን በጣት መንካት፣ አንድ ቀን ከንፈር ላይ አድርጎ መልሶ ማስቀመጥ። ይህም እንደ ልምምድ ይቆጠራል።

ጎመን

ጎመን የሚመረው ሰው ብዙ ነው። ወፍራሙን አገዳ አውጡት፤ ክር ክር የሚለው እሱ ነው። ቅጠሉን ጨው ባለበት የፈላ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉ፤ ምሬቱ አብሮት ይወጣል። ጨውም ምሬትን ይሸፍናል። በደንብ ጨምቃችሁ አድቅቁና በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ጠብሱት። መጀመሪያ ከተፈጨ ድንች ጋር አንድ ማንኪያ ብቻ። ድንቹ ሙቅ ይሁን፤ የቀዘቀዘ ጎመን ሽታው ይብሳል።

ጉርሻና ማዕድ

እዚህ አገር ምግብ መምረጥ የሰው ፊት የማየት ጉዳይ ነው። የማልበላው ምግብ በፍቅር ወደ አፌ ሲመጣ እምቢ ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ! እናቴ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ስትለኝ ስንት ጊዜ ጎርሼ ጓዳ ሄጄ እንደተፋሁ። ችግሩ ጉርሻ ውስጥ ምን እንዳለ አታዩም፤ መጠኑንም የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ለምንለማመድ ሰዎች ይህ ትልቁ እንቅፋት ነው።

ማዕድ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ቀደም ብላችሁ ለብቻ አነጋግሯቸው። እኔ ያልኳት እንዲህ ነው፦ «እማዬ፣ ምስር እየለመድኩ ነው። ራሴ ልጉረስ፤ አታጉርሺኝ። አንዴ ካስመለሰኝ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።» እየለመድኩ ነው ስላት ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ምስሩን በትንሽ ሰሀን ለብቻ ማቅረብ ጀመረች።

ምግብ ቤት በያይነቱ ስታዙ «ወጡን ለብቻ በሰሀን አድርጉልኝ» በሉ። ወጥ ከወጥ ጋር መነካካቱ ለሚያስጨንቀው ሰው ይህ ብቻ ብዙ ይረዳል።

እስክትለምዱ ድረስ የሚጎድለውን ሙሉ

ቫይታሚን ቢ12 በአትክልትና በጥራጥሬ አይገኝም። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። በፍስክ ጊዜ እንቁላልና ወተት የሚቀምስ ሰው ትንሽ ያገኛል። ዓመቱን ሙሉ ከዕፅዋት ብቻ የሚበላ ግን ኪኒኑን መውሰድ ወይም ቢ12 የተጨመረበት ምግብ መብላት አለበት። ጉድለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ቆይቶ ግን ነርቭ ይጎዳል።

ብረት በምስር፣ በሽምብራና በጤፍ ውስጥ አለ። ነገር ግን ሰውነት የዕፅዋትን ብረት በቀላሉ አይወስድም። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ ሲበላ ይረዳዋል፤ በውስጣቸው ባለው ቫይታሚን ሲ ምክንያት። አዚፋ ላይ ሎሚ የሚጨመቀው ለጣዕም ብቻ አይመስለኝም። ሻይና ቡና ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። የእኔ ዳቦ በሻይ ለምን እንደጎዳኝ የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ግን በምግብ ብቻ እድናለሁ ብሎ አይጠብቅ። እኔም የታዘዘልኝን የብረት ኪኒን ለወራት ወስጃለሁ።

ሐኪም መቼ?

ክብደታችሁ እየቀነሰ ከሆነ፣ ልጁ ማደግ ካቆመ፣ ወይም የምትበሉት ምግብ ከወር ወር እያነሰ ከሄደ በራሳችሁ አትታገሉ። ቅብጠት ነው የሚላችሁንም አትስሙ። ይህ ችግር በሕክምና የታወቀ ነው፤ አርፊድ ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 በአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያው ውስጥ በዚህ ስም አስገብቶታል። ለመክሳት ተብሎ ከሚደረግ አለመብላት የተለየ ነው።

ስትሄዱ መጀመሪያ የጻፋችሁትን ዝርዝር ያዙ። እኔ ሐኪሙ ፊት «ምግብ አልበላም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣልኝም ነበር። ወረቀቱን ስሰጠው ግን ከላይ እስከ ታች አነበበውና «ቆይ፣ ሽንኩርቱ ሲጣራ ትበያለሽ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ምግብ ቁጣ የሌለበት ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።