የዊንዶውስ ክራክ (ያለ ክፍያ የሚከፍት ሕገወጥ ፕሮግራም) ከማስጫንዎ በፊት የላፕቶፑን የራሱን ላይሰንስ (ፈቃድ) ይፈትሹ
ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን (በዊንዶውስ 10 ሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ፣ አክቲቬሽን) ውስጥ ይግቡ። የመሥሪያ ቤት ማሽን ሳይሆን «በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት ተከፍቷል» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ካዩ፣ በክራክ የተከፈተ መሆኑን ይጠርጥሩ። እንዲህ ያለው ፈቃድ ካልታደሰ ከ180 ቀን አያልፍም፤ ክራኩም ብዙ ጊዜ የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ አስጠፍቶ ነው የሚገባው።

የሚያስቆጨው፣ ከፋብሪካ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ይዘው የወጡ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሕጋዊ ቁልፋቸው ማዘርቦርዳቸው ላይ መኖሩ ነው፤ ዋጋው አንዴ ተከፍሏል። የዊንዶውስ ሆም ዕትም ቁልፍ ባለው ማሽን ላይ ፕሮ የሚባለው ሌላ ዕትም ሲጫን ግን ቁልፉ አይገጥምም፣ ከዚያ ክራክ ይመጣል። ስለዚህ ፋይልዎን ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ባዶ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ መጫኛውን ከማይክሮሶፍት በነፃ አውርደው ሆምን እንደ አዲስ ይጫኑ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይከፈታል።